በዝምታ የሚሸኙት ወይዘሮ አቻምየለሽ

ወይዘሮ አቻምየለሽ ከአባታቸው ከአቶ ኪዳነ ማርያምና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሐና በ፲፱፻፶፪ ዓ.ም. ማንኩሳ አቅራቢያ ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው ከበሮ ሲመታ ጆሯቸውን ይዘው ስለሚሮጡ፣ አዲስ ቀሚስም ሲያለብሷቸው እንደ ሳማ ፈጀኝ ብለው ስለሚጥሉት፣ ወላጆቻቸው ክፉ መንፈስ የተጠናወታቸው መስሏቸው ከጠበል ጠበል አንከራተቷቸው። ትምህርታቸውንም ጫጫታውን መቋቋም አቅቷቸው ከአራተኛ ክፍል አቋረጡ።

ፍኖተ ሰላም ለአቶ ይታገሱ በተዳሩ ጊዜ፣ ሙሽራው ሙሽሪት ጆሯቸውን መያዛቸውን አይተው እልልታውን አስቆሙ። ሠርገኛው «ሠርግ ነው ወይስ ሱባኤ?» እያለ ቢያላግጥም፣ አቶ ይታገሱ ግን እስከ ዛሬ በር እንኳ በኃይል ዘግተውባቸው አያውቁም። ወይዘሮ አቻምየለሽ የሚፈትሉትን ጥጥ ቡሬ ገበያ ወስደው የሚሸጡላቸውም እርሳቸው ነበሩ።

ከሁሉ የከፋው ሐዘን በአባታቸው ቀብር ዕለት መጣ። ታላቅ እኅታቸው ወይዘሮ ንግሥቴ፣ በአገሩ የታወቁት ሙሾ አውራጅ፣ ዋይታውን ሲጀምሩ ወይዘሮ አቻምየለሽ ትንፋሽ አጥሯቸው፣ ልባቸው እየደለቀ፣ አስከሬኑን ሳይሸኙ ሸሹ። ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ ከመቃብሩ አጠገብ ብቻቸውን ተቀምጠው ማምሸታቸውን ከባለቤታቸው በቀር ያየ አልነበረም። እኅታቸውም «አባቷን ያልቀበረች እኅቴ አይደለችም» ብለው ለብዙ ዓመት ፊት ነሷቸው።

ኋላ የልጅ ልጃቸው ያምሮት እንዲሁ ጆሮዋን እየያዘች ብታስቸግር ባሕር ዳር ሐኪም ዘንድ ተወሰደች። ሐኪሟም ነገሩ ኦቲዝም የሚባል አፈጣጠር እንጂ እርግማን አለመሆኑን፣ ለሌላው ቀላል የሆነው ድምፅና ልብስ ለእርሷ ሕመም እንደሚሆንባት፣ ጭንቀቱም ከዚያው እንደሚከተል አስረዱ፤ አያቲቱም ቢመረመሩ ያው ሳይሆን እንደማይቀር ጨምረው ተናገሩ። ወይዘሮ አቻምየለሽ ይህን ሲሰሙ «ክፋት አልነበረማ!» ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ወይዘሮ ንግሥቴ ወሬው እንደ ደረሳቸው መጥተው ታረቁ። ወይዘሮ አቻምየለሽ በኩላሊት ሕመም ከተኙ ጀምሮም ያስታመሟቸው እኅታቸው ሲሆኑ፣ ኮቴያቸው እንዳይረብሽ ጫማቸውን ደጅ አውልቀው ይገቡ ነበር። ሕመምተኛዋም ሳቅ እያሉ «ስሞት የምትጮሁብኝ ከሆነ ከሣጥኔ ተነሥቼ እሸሻለሁ» ይሏቸው ነበር። ትናንት ጧት በተወለዱ በስድሳ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን ወንዳወቅን፣ የልጅ ልጃቸውን ያምሮትንና እኅታቸውን ወይዘሮ ንግሥቴን ትተውልናል። እኒያ ሙሾ አውራጅ፣ እነሆ፣ ላለመጮኽ ለእኅታቸው የገቡትን ቃል ለመጠበቅ የነጠላቸውን ጫፍ ነክሰው ከሣጥኑ አጠገብ ቆመዋል። እኛም እንደ እርሳቸው እንቻለው።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን የሚያስደነግጥ ከሌለበት ስፍራ ያሳርፍልን። አፈሩንም፣ እባካችሁ፣ ቀስ አድርጋችሁ መልሱ።