ከጂኖ ግድግዳ የወረደው ሥዕል

በእኛ ጊዜ ለቅሶ ቤት በዓይን ነበር የሚታወቀው። ሰፈር ውስጥ ስታልፉ ሶፋው ደጅ ወጥቶ፣ የግድግዳው ፎቶ ወርዶ ካያችሁ፣ ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ነጠላን አዘቅዝቆ መግባት ነው። ጠይቆ የሚያለቅስ አለ እንዴ? እና ይኼው ነገር ነው እዚህ ቶሮንቶ ጉድ ያደረገኝ። ተይኝ ሳሮን፣ አልቀመጥም፣ ቆሜ ነው የማወራው። ዕድሜዬን ሙሉ የአሰብን መንገድ በከባድ መኪና ስመላለስ የኖርኩ ሰው፣ ኖርዝ ዮርክ ፎቅ ላይ ቁጭ በል ሲሉኝ እንዴት ይሆንልኛል?

«አባባ፣ ሹፌር ደግሞ ቁጭ ብሎ አይደል እንዴ የሚሠራው?»

መሬቱ ይሄድልሻላ! ዝም ብለሽ ስሚ።

ታዲያ ኮሪደሩን ከሊፍቱ እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ ሊፍቱ ስመላለስ ነው ጂኖን ያወቅኩት። ጂኖ እዚያው ፎቃችን ላይ ብቻውን የሚኖር ጣሊያን ሽማግሌ ነው፤ ሚስቱ ሞታበታለች፤ በወጣትነቱ መጥቶ ግንበኛ ሆኖ ያረጀ ሰው። እኔ ጣሊያንኛ አላውቅም፣ እሱ አማርኛ አያውቅም፣ እንግሊዝኛው ላይ ሁለታችንም ደካሞች ነን። ግን ፍሪሲዮን ስለው ያውቃል፣ ካምቢዮ ስለው ያውቃል፣ ባሌስትራ ስለው እየሳቀ ትከሻዬን ይመታኛል። የመኪና ዕቃ ስንጠራራ ወዳጅ ሆንን፣ ሌላ ምን ልበላችሁ።

እና ቤቱ ስገባ ከሶፋው በላይ አንድ ትልቅ የዘይት ቀለም ሥዕል ተሰቅሏል። ከሚስቱ አያቶች የወረደ፣ የጥንት የጣሊያን ሥዕል። ልጁ ኋላ «ክላሲካል ባሮክ ነው» ብሎ ነገረን፤ እኔ ስሙን ምን አደርገዋለሁ፣ ያየሁትን ልንገራችሁ። በግራ በኩል ትልቅ ጥቁር ዛፍ፣ በቀኝ ዓምዱ ብቻ የቀረ የፈረሰ ቤተ ጣዖት፣ መሀሉ ላይ ወንዝ፣ ከወንዙ ማዶ ሰማዩ ቅቤ የፈሰሰበት ይመስላል። ቀለሙ አርጅቶ ተሰነጣጥቋል። እና መንገድ አለ፤ መንገዱ ላይ ሁለት ትንንሽ ሰዎች፣ ወንድና ሴት፣ አህያ ይነዳሉ። መንገዱ የወንዙን ድልድይ ተሻግሮ ይታጠፍና ይጠፋል። እኔን ያበሳጨኝ እሱ ነው። ወዴት ነው የሚሄደው? መንገድ አይቶ መጨረሻውን ሳያውቅ እንቅልፍ የሚወስደው ሹፌር አለ?

ታዲያ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እንከራከራለን። «ነግቶ እየወጡ ነው» እላለሁ፣ ፀሐይዋን በእጄ ወደ ላይ እያወጣሁ። «ኖ፣ ኖ፣ መሽቶ ወደ ቤት እየገቡ ነው» ይላል እሱ፣ ጉንጩን በመዳፉ ላይ አስተኝቶ። አንድ ቀን ታዲያ ሴቲቱን በጣቱ ነክቶ «ሚስቴ» አለኝ፤ ሰውየውን ነክቶ «እኔ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ነግቷል ማለቱን ቀነስ አደረግኩ፤ አልተውኩም ግን።

እና አንድ በረዶ የሚጥልበት ቀን ኮሪደር ስወጣ የጂኖ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሶፋው ውጭ ነው። ሁለት ሰዎች ፍራሽ ይጎትታሉ። አንገቴን ሳስገባ ሥዕሉ የለም፤ የተሰቀለበት ቦታ ብቻ ነጣ ብሎ ቀርቷል። በፎቶ የማውቀው ልጁ ማርኮ ዓይኑ ቀልቶ መሀል ቤት ቆሟል። ከዚህ በላይ ምን ይነገረኝ?

ለእናትሽ፣ ለልጄ፣ ኮል አደረግኩ። «ጂኖ አረፈ» አልኳት። እሷ ሥራ ላይ ስለነበረች ለነወይዘሮ በላይነሽ፣ ለቤተ ክርስቲያን እናቶቻችን ደወለች። ብዙም አልቆዩ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ንፍሮ በድስት ይዘው መጡ። ንፍሮው መቼ እንደተቀቀለ እግዜር ይወቅ። እኔ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ፣ አዎ፣ ያኔስ ቁጭ ብያለሁ፣ «ወንድሜ ጂኖ፣ የመንገዱን መጨረሻ ሳትነግረኝ ጥለኸኝ ሄድክ» እያልኩ አለቅሳለሁ። ሴቶቹም አይተውት የማያውቁትን ሰው በስሙ እየጠሩ ይቀበሉኛል። ማርኮ ግራ ገብቶት «ኤክስኪዩዝ ሚ፣ ኤክስኪዩዝ ሚ» ይላል። ሐዘን ነው ብለን ዝም አልነው።

በዚህ መሀል ሊፍቱ ተከፈተ። ማን ቢወጣ ጥሩ ነው? ጂኖ! ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ ባርኔጣውን አድርጎ፣ መደገፊያ ዎከሩን እየገፋ፣ ከምራቱ ጋር። ወይዘሮ በላይነሽ «በስመ አብ» ብላ ድስቱን አቀፈች። ጂኖ ሴቶቹን አየ፣ እኔን አየ፣ «ማን ሞተ?» አለ።

«አንተ» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

ለካ ኢቶቢኮ የሚባል ሰፈር ያለ የአረጋውያን ቤት ሊያስገቡት ዕቃ እያወጡ ኖሯል። የማርኮም ዓይን የቀላው በአቧራ ነው። ሥዕሉ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በሩ ሥር ቆሟል። «ቀድሞህ ይሄዳል፣ ክፍልህ ውስጥ ታገኘዋለህ» ነበር ያሉት። ጂኖ ታዲያ ከዕቃ ጫኞቹ አንዱን «ወዴት ነው?» ቢለው፣ ሰውየው ምን ያውቃል፣ «ለጨረታ» አለው። ጂኖ ባርኔጣውን አወለቀ። የዚያን ጊዜ ፊቱን ባላየሁት።

ማርኮ «ክፍሉ ጠባብ ነው አባዬ» እያለ ቆየና፣ ንዴቱን ወደ እኔ አዞረው። «አባቴ ሞተ ብሎ ማን ነገረዎት?» አለኝ፤ አንቺ ነበርሽ ያስተረጎምሽልኝ፣ ከክላስ እንደመጣሽ።

«ማንም አልነገረኝ» አልኩ። «እኛ ዘንድ ሥዕሉ ከግድግዳ ከወረደ፣ ሰውየው ሞቷል ማለት ነው።»

አንቺ በእንግሊዝኛ አልሽው። ጂኖ «ምን አለ?» አለው፣ ልጁ ቀስ ብሎ በጣሊያንኛ ነገረው። ጂኖ ራሱን ነቀነቀ። «ንገረው» አለ፣ «አልተሳሳተም።»

ማርኮ ፍራሹ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ኋላ ሥዕሉን ራሱ ተሸክሞ መኪናው ውስጥ አስገባው፤ ቴሌቪዥኑ ቀረ። ጂኖም ከሴቶቹ መሀል ተቀምጦ ንፍሮውን ይበላ ጀመር። የራሱን ለቅሶ ንፍሮ ጥሩ አድርጎ የበላ ሰው እኔ እሱን ነው ያየሁ!

አሁን ሥዕሉ ኢቶቢኮ አልጋው ፊት ለፊት ተሰቅሏል። ባስ እየለዋወጥኩ እሄዳለሁ። እና በሩን ስከፍት፣ አትሳቁብኝ፣ ከጂኖ በፊት ግድግዳውን ነው የማየው።

«አባባ፣ ኮትዎን ይልበሱ። ዛሬ እኔ ድራይቭ አደርጋለሁ።»

ንፍሮም ያዢለት፤ ለምዶታል።