ሁሉም አስር ከአስር የደፈኑበት ቀን

እሺ፣ ዝም በሉና ስሙኝ። የሲስተር ቡርቱካንን የሽኝት ንግግር የጤና ጣቢያችን ኃላፊ አቶ ሙላቱ ሊያደርጉ ነበር፤ ግን መርሳ ከተማ ላይ አፍ ያለው ሹፌሩ ሚስባህ መሆኑን ስለሚያውቁ ማይኩን ለእኔ ለቀቁ።

ሲስተር ቡርቱካን፣ የሚሊኒየሙ ሰሞን መጀመሪያ የመጡ ቀን ከወልድያ መናኸሪያ የተቀበልኩዎ እኔ ነኝ። መንገዱን ሙሉ "በሀብሩ ወረዳ እንደኔ የሚያስታውስ ጭንቅላት የለም" እያልኩ ስጎርር መጣሁ። መርሳ ስንደርስ ሻንጣዎ የለም። መናኸሪያው ላይ ረስቼዋለሁ። ምን አሉኝ? "ልጄ፣ ይሄን የሚያስታውስ ጭንቅላትህን ነገ እንመርምረው።"

የሲስተርን ሥራ ለእንግዶቹ እኔ ላስረዳ፤ ነርሶቹ ሲያስረዱ እንቅልፍ ያመጣሉ። ሲስተር የሚያክሙት ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰሙ፣ ሐሳብ የሚምታታባቸውን ሰዎች ነው። ከዚያ ጥናት መጣ። ሕመሙ ማስታወስን ሲያደክም ደም ላይ የሚታይ ምልክት ይኖረው እንደሁ ለማወቅ ነው። ታካሚዎቹ ጠዋት በባዶ ሆድ ደም ይሰጣሉ፣ አስር ቃል ይነበብላቸዋል፣ ቆይተው ስንቱን እንደያዙ ይጠየቃሉ። ደሙን በበረዶ ሣጥን ወልድያ የማደርሰው እኔ። አንድ ብልቃጥ አልሰበርኩም፣ ይመዝገብልኝ።

ሲስተር ደግሞ የመጨረሻው ታካሚ ከደሙ በኋላ የሚሰጠውን ዳቦ ሳይበላ ሻይ አይቀምሱም። "እብድ" ያለ ሰው ቅጣቱ የታካሚዎቹን ዳቦ ከዳቦ ቤት መሸከም ነው። ዘበኛው አዳነ፣ ምን ያስቅሃል? ወር ሙሉ የተሸከምከው አንተ አይደለህ?

እና አንድ ቀን ጥናቱ ውስጥ ያሉት አስራ አንዱም ታካሚዎች አስር ከአስር ደፈኑ። እስከ ዛሬ "ሲስተር መልሱን አቀብለዋቸው ነው" እያላችሁ የምታሙት ስለዚያ ቀን ነው።

ሲስተር፣ በእጅዎ ተቀመጥ አይበሉኝ። ዛሬ አልቀመጥም።

ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

ጀብሪል የሚባለው ልጅ "ከወደቅሁ አባቴ አእምሮው አልቋል ብሎ በሬ አያስነካኝም" ብሎ መኪና ውስጥ አለቀሰብኝ። ቃሎቹ በየዙሩ አይቀየሩም፤ እኔ ደግሞ ባለፈው ዙር መስኮት ሥር ቆሜ ሸምድጃቸው ነበር። "አብሽር፣ ሚስባህ እያለ ማን ይወድቃል" አልኩና "ሎሚ፣ ማረሻ፣ ድልድይ" እያልኩ ሁሉንም በዜማ አስጠናኋቸው።

ሲስተር የውጤቱን ወረቀት አይተው፣ ዜማውንም ሰምተው ጠሩኝ።

"ምን አደረግህ?"

"አሳለፍኳቸዋ።" ደረቴን ነፍቼ።

"ሚስባህ፣ ይሄ የማለፍና የመውደቅ ነገር አይደለም እኮ። ደሙን የምናስተያየው ከእውነተኛው ማስታወሳቸው ጋር ነው።"

"ማን ያውቃል? ይለፍ በቃ።"

"ደሙ ያውቃል።"

ያኔ ጥናቱን እንዳበላሸሁ ገባኝ። በቃ ተባረርኩ አልኩ፤ እንጀራዬ ነዋ። እሳቸው ግን ለጥናቱ አለቆች ደውለው "መልሱ ከእኛ ዘንድ ወጥቷል። ለምን እንደምንጠይቅ ለሠራተኛው አላስረዳሁም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" አሉ። ስሜን አልጠሩም። ማስጠንቀቂያው በእሳቸው ስም መጣ። እኔ ጀግናው፣ እኔ አፈኛው፣ ወላሂ አራት ዓመት ጭጭ አልኩ።

በአዲስ ቃል እንደገና ሲጠየቅ ጀብሪል አራት ያዘ። አንገቱን ደፋ። ሲስተር "አራቱ የራስህ ናቸው" አሉት። አባቱንም አስጠርተው "ቃል መርሳት ማረስ መርሳት አይደለም" አሏቸው። ዘንድሮ ጀብሪል ማሾውን የዘራው በገዛ እጁ ነው።

ሲስተር፣ እኔን ቢያባርሩኝ ዛሬ የማንን መኪና እየነዳሁ እጎርር ነበር? አላህ ይስጥልኝ። አቶ ሙላቱ፣ ያ ማስጠንቀቂያ የእኔ ነው፤ ሰኞ በስሜ ይጻፉልኝ።

በሉ ሚሪንዳችሁን አንሱ። ለሲስተር ቡርቱካን። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ አሁን የሚገቡበት የሲሪንቃው ቤትዎ ጠያቂ አይጥፋበት። ከዚህ በር ሲወጡ የራስዎን ሻንጣ ብቻ ይዘው ይውጡ፣ የእኔን ጥፋት እዚሁ ይተዉልኝ። እንጠጣ።