ዓይኗን ብቻ አደራ

በእኛ ጊዜ ልጅ ትምህርት ቤት ስናስገባ ለአስተማሪው የምንለው አንድ ቃል ነበረን፣ «ዓይኗን ብቻ አደራ፣ ሌላው የእርስዎ ነው» እንል ነበር፣ ግረፉልን ማለት ነው፣ እንዲያ ያላለ ወላጅ ለልጁ ግድ የሌለው ይመስል ነበር። አንተ ትስቃለህ። የኔን ቤት የተከራየህ አንተም አስተማሪ ነህና ይህን አንተ ፊት ማውራት ያሳፍረኛል፣ ግን ላጫውትህ፣ ስማኝ።

ኢሕአዴግ ገብቶ ትንሽ ቆይቶ ነው፣ ልጆቹ በአገራችን ቋንቋ በካፊኖኖ መማር የጀመሩ ሰሞን። አባቷ ሞቶብኝ፣ እዚሁ ቦንጋ ገበያ ኮረሪማ እየሸጥኩ ነው ታደለችን የማሳድጋት፣ ሦስተኛ ክፍል ናት። ታዲያ ይህቺ ልጅ አንዳንዴ ትሄድብኛለች። መሄድ ስልህ በእግሯ አይደለም። ኮረሪማ እየፈለፈለች እጇ ቀጥ ይላል፣ ዓይኗ ተከፍቶ አያይም፣ አፏ ብቻ የሚያኝክ ይመስል ትንሽ ትንሽ ይላል፣ እና ብትጠራት አትሰማህም። ሃያ እስክትቆጥር ነው። ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ፍልፈላዋን ትቀጥላለች፣ ምን ሆነሽ ነበር ብትላት አታውቀውም።

እኔ ግን አውቄዋለሁ። ዋጫ ከተማ ትኖር የነበረች ታላቅ እህቴን የሚጥል በሽታ ሲጀምራት እንዲሁ እያደረገ ነው የጀመራት። ይጋባል ብለው ስትወድቅ የሚያነሳት አልነበረም፣ እና አንድ ቀን እሳት ላይ ወደቀች፣ ሰው ቆሞ እያየ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ፣ ልክ ነው፣ ግን የበሽታውን ስም የሰማ ጎረቤት የሚያደርገውን ተረቱ አይነግርህም። ታዲያ ደበቅሁ።

መምህር ተክሌ የሚባል አስተማሪ ነበራት፣ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ልብሱም ንግግሩም ንጹሕ። ወላጅ ይምጣ ብሎ አስጠራኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንዲህ ቀስ እያለ፣ «እትዬ አስካለ፣ ልጅቷ የጤና ችግር አለባት እንዴ? ስጠራት ትኩር ብላ እያየችኝ ዝም ትለኛለች» አለኝ። አየህ፣ ጠይቆኛል። በሩን ከፍቶልኛል።

እኔስ ምን አልኩት? «ምንም የለባትም። እልኸኛ ናት፣ የአባቷ እልህ ነው። ዓይኗን ብቻ አደራ» አልኩት።

እሱ ደግሞ ቃሌን አከበረ። መምታት ተከልክሏል ይባል ነበር፣ ግን እናቲቱ ፈቅዳለች፣ ምን ይበል? ልጄ በሄደች ቁጥር መዳፏን በልምጭ ይላታል። እሷ እኮ የለችም፣ ልጄ፣ የለችም። ስትመለስ እጇ ያቃጥላታል እንጂ ማን እንደመታት፣ ለምን እንደተመታች አታውቅም። ማታ ማታ «እማ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» ትለኛለች። እና እኔ እናቷ «ታዘዢ» እላታለሁ። ታዘዢ!

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ሄዳለች። አጠገቧ ቆሜ ጠበቅኋት። ተመለሰች፣ ቀና ብላ አየችኝ፣ እና አንድ ቃል ሳልናገር መዳፏን ዘረጋችልኝ። እንድመታት። እኔን ነው የምልህ፣ ለእኔ ነው የዘረጋችው። ከዚያን ቀን ወዲህ ራሴን ወድጄው አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት አስተማሪዎቹ ሻይ እየጠጡ ገባሁ። መምህር ተክሌ ብድግ ብሎ ወንበር ሰጠኝ፣ አልተቀመጥኩም።

«መምህር፣ ዋሽቼዎታለሁ» አልኩት። «ልጄ እልኸኛ አይደለችም። የሚጥል በሽታ ነው።»

አንዷ አስተማሪ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ራቅ አለች። እሱ ግን ፊቱ አመድ መሰለ። «ስንት ጊዜ መታኋት?» አለኝ፣ እኔ የማውቅ ይመስል።

«እሷም አታውቀውም» አልኩት።

ከዚያ ምን ላድርግ አለኝ። ምንም አያድርጉ፣ ሃያ እስኪቆጥሩ ይጠብቋት፣ ስትመለስ ያመለጣትን ቃል ይድገሙላት፣ ከወደቀች በጎኗ ያስተኟት፣ ክብሪት ጭረው እንዳያሸቷት አልኩት። እንደ ተማሪ ቁጭ ብሎ ደብተሩ ላይ ጻፈው። እንዳልኩትም አደረገ። ክፍሉ በሙሉ ጸጥ ብሎ ይጠብቃት ነበር አሉ፣ ሕፃናት ሆነው እንኳ።

ግን ስሙ ወጣ። አብራት የምትቀመጠውን ልጅ እናቷ አስነሣቻት። የወላጅ ኮሚቴው ሰውዬ በቢሮ ቋንቋው፣ ጉሮሮውን እየጠረገ፣ «ቅሬታ ቀርቧል፣ እርምጃ ያስፈልጋል» ይል ጀመር። መምህር ተክሌ ወንበሩን አንስቶ ባዶው ቦታ ላይ እሷ አጠገብ አስቀመጠና ከዚያ ሆኖ ማስተማር ያዘ፣ ይህን አልረሳለትም። በዓመቱ ወደ ሺሺንዳ አዛወሩት። አምስተኛ ክፍል ስትገባ ደግሞ ለየትምህርቱ ሌላ ሌላ አስተማሪ ነው፣ ለአንዱ ነግሬ ሳልጨርስ ሌላው ይመታታል። ትምህርቱን ተወችው። አሁን ማንኪራ መንደር ናት፣ ቡና ትለቅማለች፣ መድኃኒቷን ትውጣለች፣ ወልዳለች። ልጆቿን ስታስመዘግብ ግን እኔን ነው የምትልከኝ፣ የትምህርት ቤት ግቢ አትረግጥም። እና እኔ እሱን አልፈርድበትም። የመታኋት እኔ ነኝ፣ በእሱ እጅ።

ምነው ብድግ አልክ?

«እትዬ አስካለ፣ እኔም ክፍል አንድ ልጅ አለ። ስጠራው እያየኝ ዝም ይላል። ንቀት መስሎኝ ነበር። ነገ እናቱን አስጠራታለሁ።»

አታስጠራት። ከመጣች ልክ እንደኔ ነው የምትልህ። አንተ ቤቷ ሂድ፣ ልጁ በጠጣበት ኩባያ ውሃ ስጪኝ በላት፣ እያየችህ ጠጣ፣ ከዚያ በኋላ ጠይቃት።