ዝቅ ብሎ የተሰቀለው መብራት

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤

ይህን ግብዣ ላዘጋጃችሁልኝ ሁሉ ምስጋናዬ ከልብ ነው። በተለይ የኤሌክትሪክ ሠራተኛን መብራት በጠፋበት ሰዓት መሸኘታችሁ ትልቅ ክብር ነው። ማይኩ ስለማይሠራ እጮኻለሁ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ስትጮኹብኝ ኖራችሁ የለ? "ጋሼ ይመር፣ ሶኬቱ!" "ጋሼ ይመር፣ አምፖሉ!" ዛሬ ተራው የኔ ነው።

ቅድም ስለ ሥራዬ ስትናገሩ አፈርኩ። በዚህ ጤና ጣቢያ በጣም የተጨበጨበልኝ ሥራ፣ በጣም ያበላሸሁት ነው።

አዲሶቹ አታውቁትም። ከአምስት ዓመት በፊት ቲቢ ክፍል የሚሠሩ ሁለት ባልደረቦቻችን በሽታው ያዛቸው። ሊያክሙ ገብተው ታካሚ ሆኑ። ያኔ ነው አልትራቫዮሌት የሚባለው መብራት በእርዳታ የመጣልን፤ አየር ላይ የሚንሳፈፈውን ጀርም የሚገድል።

መመሪያው ሳጥኑ ውስጥ ነበር። አነበብኩት? የለም። መሰላሌ አንድ እግሩ ያጥራል፤ አጣጥፌ ከሥሩ ደገፍኩበት። ልክ መጣ።

ኃላፊያችን ዶክተር ዘከሪያ፣ ይኸው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ "አቶ ይመር፣ ዝቅ ያድርጉት። ለምረቃ የሚመጡት እንግዶች ይዩት እንጂ!" አሉኝ። አወረድኩት። በሰው ቁመት፣ ከቲቢ ክፍሏ ነርስ ከሲስተር ሰአዳ ጠረጴዛ ፊት ለፊት። ሰማያዊ ብርሃኑ ሲያምር! ተጨበጨበ፤ እኔም እጅ ነሣሁ።

በማግስቱ ሲስተር ሰአዳ ከሥራ ቀረች። ዓይኗ በርበሬ መስሎ፣ አሸዋ የገባበት ያህል እየቆረቆራት፣ አልገለጥ አለ። "ምች ነው" ተባለ። ዳማከሴ ታዘዘላት፤ ያውም ከጤና ባለሙያ!

እኔ ግን ገብቶኛል። ምን አለሽ ተራ ያለ መነጽር ሲበይዱ የዋሉ ወዳጆቼን ዓይን ስንቴ አይቻለሁ፤ ያው ነው። ታዲያ ምን አደረግሁ? መብራቱን አጠፋሁና "ፊውዙ ሄዷል" ብዬ ዋሸሁ። ጡረታዬ ታየኝ። በሁለተኛው ቀን አላስችል አለኝና አብነት ሰፈር፣ ቤቷ ድረስ ሄድኩ።

ዓይኗን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍና ተጋድማለች። "ሲስተር፣ ምች አይደለም። እኔ ነኝ" አልኳት።

ነገርኳት። ጨርቁን ከዓይኗ ሳታነሳ፣ "መብራቱን ምን አደረጉት?" አለችኝ።

"ነቅዬ እጥለዋለሁ።"

"እንዳይጥሉት! ዓይኔ ዛሬ ነገ ይድናል። ቲቢ ቢይዘኝ ግን የወራት መድኃኒት ነው። ጡት የምትጠባ ልጅ አለችኝ፣ ጋሼ ይመር። በወጉ ይስቀሉት።"

በወጉ! ይቺ ቃል እስካሁን ትቆረቁረኛለች። ተመልሼ መመሪያውን ከመሰላሉ ሥር አወጣሁት። በትልቁ ተጽፏል፦ ከሰው ራስ በላይ፣ ኮርኒሱ አጠገብ ይሰቀል፤ ብርሃኑ ወደ ታች እንዳይወርድ ይከለል፤ የታችኛውን አየር ወደ ላይ የሚያመላልስ ቬንትሌተር ይኑር። እንደዚያው አደረግሁ። መብራቱን ከረዱን ሰዎች ኢንጂነር ቲና የጨረር መለኪያ ይዛ መጥታ፣ በቆመም በተቀመጠም ሰው ዓይን ልክ ለክታ "አሁን ማንንም አይጎዳም" እስክትል አላበራሁትም።

ዶክተር ገቡ። "አቶ ይመር፣ መብራቱ የታለ?"

"ሥራ ላይ ነው።"

"አይታይም እኮ!"

"ለዚህ ነው፣ ዶክተር፣ ዓይንዎ ያልቀላው።"

ለዚህኛው ማንም አላጨበጨበም።

ጥፋቴን በጽሑፍ አስገባሁ፤ ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ። ዶክተር ግን በእጃቸው "ዝቅ ይበል ያልኩት እኔ ነኝ" ብለው ጨመሩበት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ነው የማከብርዎት፤ በፊትማ እፈራዎት ነበር።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ክፍል ከሠራችሁት አንድም ሰው አልታመመም። መብራቱ ብቻ ነው አልልም፤ መስኮቱም፣ ማስኩም አለ። የሲስተር ሰአዳ ልጅ ግን ዘንድሮ ኬጂ ገብታለች።

ማርያማዊት፣ ቦታዬን የምትረከቢው አንቺ ነሽ። ሰው ነሽና ታጠፊያለሽ። ካጠፋሽ በዚያው ቀን ተናገሪ፤ እኔ አንድ ቀን ዘግይቻለሁ።

እናንተም ተባረኩ። ያከማችሁት ይዳን፣ የደከማችሁበት ይቅና። ጡረታ በጤና ያድርሳችሁ። ወደዚህ ግቢ ሊታከም የመጣው ድኖ፣ ሊያክም የገባውም ሳይታመም፣ ማታ ማታ ወደ ልጆቹ ይመለስ።

አሜን በሉ።