ገጽ 87 ያልተፈረመበት ፋይል

የምስክር ቃል መቀበያ ቅጽ

ስም፦ በምስክሮች ዝርዝር ተራ ቁጥር 2 የተመለከቱት
ዕድሜ፦ 53
ሥራ፦ በመድኃኒት ምዝገባ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ
አድራሻ፦ ከውኃ ታንከሩ በታች፣ የቤት ቁጥር 118
ከተጠርጣሪዋ ጋር ያላቸው ዝምድና፦ የባለቤታቸው ታላቅ እህት ናት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ማክሰኞ የካቲት 11 ቀን፣ ከጠዋቱ 3፡20 ጀምሮ

እኔ ማንነቴ ከላይ የተመለከተው ምስክር፣ በዝምድናዬ ምክንያት ቃል ላለመስጠት እንደምችል በመርማሪው ተነግሮኝ፣ በገዛ ፈቃዴ ለመናገር መርጬ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። መርማሪው አጠር አድርገው ይናገሩ ብለውኛል። ሆኖም ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ማመልከቻ ስቀበል የኖርኩ ሰው ነኝና፣ አጥሮ የሚቀርብ ነገር ምን ያህል እንደሚጎድለው አውቃለሁ።

ባለቤቴ የሴቶች ፀጉር ሠሪ ናት። ሥራዋ ቀኑን ሙሉ ክንድ አንሥቶ መቆም ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ግድም የግራ ዓይኗ ቆብ እየወረደ አልነሣ ይላት ጀመር። ደንበኞቿ ማንን እየጠቀስሽ ነው እያሉ ሲቀልዱባት አብራ ትስቅ ነበር። ቀጥሎ የፀጉር ማድረቂያው ከበዳት፣ ከዚያ ማበጠሪያው። በመጨረሻ የገዛ ፀጉሯን ማበጠር አቅቷት እኔ ማበጠር ጀመርኩ። እኔ የማውቀው ወረቀት መደርደር ስለሆነ፣ ፀጉሬን ፋይል አደረግከው እንጂ መቼ አበጠርከው ትለኝ ነበር። ማኘክና መዋጥ ሲያስቸግራት ግን ነገሩ ከቀልድ አለፈ። የነርቭ ሐኪሙ የጡንቻ መድከም በሽታ መሆኑን ገልጸው፣ በየአራት ሰዓቱ የሚዋጥ አንድ ክኒን ጉልበቷን እንደሚመልስላት ነገሩን። ሆኖም ክኒኑ አገር ውስጥ ስላልተመዘገበ ማዘዝ አልችልም አሉ። ስሙን የጻፉልን በማዘዣ ወረቀት ላይ ሳይሆን ከግድግዳው የቀን መቁጠሪያ በቀደዷት ቁራጭ ላይ ነው። ማኅተምም ፊርማም አልነበራትም።

የክኒኑን ስም ደጋግሜ አነበብኩት። ስሙን አውቀዋለሁ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የአምራቹ ወኪል የዚህኑ ክኒን የምዝገባ ፋይል ይዞ ወደ እኔ መስኮት መጥቶ ነበር። ፋይሉ 214 ገጽ ነው። መድኃኒቱ ይሠራል አይሠራም የሚሉት ባለሙያዎች ላይኛው ፎቅ ናቸው። የእኔ ሥራ ገጽ መቁጠርና እያንዳንዱ ገጽ መፈረሙን ማረጋገጥ ነው። ገጽ 87 ላይ ፊርማ አልነበረም። ወኪሉ እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ እዚሁ ልፈርምበት» አለኝ። ያልተሟላ ፋይል መስኮት ላይ አይሟላም፣ እንዳለ ተመልሶ እንደ አዲስ ተራ ይያዝለት ብዬ መለስኩት። እንዲህ የሚል የተጻፈ ደንብ አለ ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ የለም፣ በእኛ ክፍል ግን እንዲሁ ነው ስንሠራ የኖርነው ብያለሁ። ያን ዕለት በሥራዬ ኮርቼ ወደ ቤቴ ገባሁ። ወኪሉ ተመልሶ አልመጣም። ስለዚህ ክኒኑን የከለከለው የለም፣ የፈቀደውም የለም። ያለው አንድ የእኔ የመመለሻ ደብዳቤ ብቻ ነው። ይህን ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ስናገረው ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።

ተጠርጣሪዋ የከባድ መኪና ሹፌር ናት። የሥራ ባልደረቦቿ ማርሽ ይሏታል፣ እኔ እትዬ እላታለሁ። ከድንበር ማዶ ጭነት ታመላልሳለች። እዚያ ማዶ ክኒኑ ሕጋዊ ነው፣ በሐኪም ማዘዣ በማንኛውም ፋርማሲ ይገኛል። የእህቷን የምርመራ ውጤት ይዛ ሄዳ እዚያ ላለ ሐኪም አሳየች፣ አዘዘላት፣ ገዝታ መጣች። ከድንበሩ ወዲያ ማዶ መድኃኒት የነበረው ነገር ወዲህ ሲሻገር ኮንትሮባንድ ይባላል፣ መኪናው ያው መኪና፣ ክኒኑም ያው ክኒን ሆኖ ሳለ። ባለቤቴ የመጀመሪያውን በዋጠች በአርባ ደቂቃዋ ማበጠሪያውን ከእጄ ነጥቃ ፀጉሯን ራሷ አበጠረች። እትዬ በሩን ተደግፋ አለቀሰች። እኔም አልቅሻለሁ፣ ይጻፍልኝ። ከዚያ በኋላ ለአሥራ አራት ወር ባለቤቴ ሱቋን ከፍታ ሠርታለች።

ከዚህ በታች ያለው ጥፋት የእኔ ነው። ባለፈው ወር በመሥሪያ ቤታችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያልተመዘገበ መድኃኒት ይዞ የተገኘ እንደሚጠየቅ የሚገልጽ ጽሑፍ ተለጠፈ። ለግል መጠቀሚያ የሚያስገባ ሰው ግን ፈቃድ መጠየቅ እንደሚችል ከሥሩ ተጽፏል። ለፈቃዱ የአገር ውስጥ ሐኪም ማዘዣ ያስፈልጋል። የአገር ውስጥ ሐኪም ደግሞ ያልተመዘገበ መድኃኒት ማዘዝ አይችልም። ይህ እንደማያስኬድ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ቢሆንም በድብቅ መኖሩ እንቅልፍ ነሣኝና ማመልከቻ ጻፍኩ። የባለቤቴን ሕመም ዘርዝሬ፣ ማዘዣ ያልተያያዘበትን ምክንያት አስረዳሁ። ያልተሟላ ነው ተብሎ እንዳይመለስብኝ የክኒኑን ብዛት፣ የአምጪዋን ማንነት፣ የመኪናዋን ታርጋ፣ የምትገባበትን ቀንና ሰዓት ጨመርኩበት። እትዬ ልጽፍ ማሰቤን ስነግራት፣ «አንተ ሰውዬ፣ ካልጻፍክ ያምሃል? ተወው በናትህ» ብላኛለች። ባለቤቴም ተው ብላኛለች። እኔ ግን ንጹሕ ሰው በወረቀት ይጠበቃል የሚል እምነት ስለነበረኝ ሳልነግራቸው ገፋሁበት። ከማመልከቻው ግርጌ፣ ሃያ ስድስት ዓመት እጄ እንደለመደው፣ ግልባጭ ለቁጥጥር ክፍል ብዬ ጻፍኩ። ማንም አላዘዘኝም። እኛ መሥሪያ ቤት ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ ራቁቱን የወጣ ይመስለናል። ዋናው ማመልከቻ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም። ግልባጩ ግን በአምስተኛው ቀን ሥራውን ሠራ።

ቅዳሜ የካቲት 8 ቀን ከቀኑ 9፡30 ሲሆን እትዬ መኪናዋን ዋናው መንገድ ላይ አቁማ፣ ክኒኑን በጨርቅ ቦርሳ ይዛ ወደ ቤታችን ስትመጣ፣ ከቆመች ነጭ መኪና ሁለት የቁጥጥር ሠራተኞችና አንድ ፖሊስ ወረዱ። እኔ በሩን ከፍቼ እየጠበቅኋት ነበር። ከሠራተኞቹ አንደኛው በየቀኑ ሰላም የምንባባል ጎረቤት ቢሮ ያለ ሰው ነው፤ ቀና ብሎ አላየኝም። በእጁ የያዘው የእኔን ግልባጭ ነበር። ቦርሳው ተፈቶ ስድስት ፓኮ ክኒን ተገኘ፣ ልክ በማመልከቻዬ እንደጻፍኩት። እትዬ ማን ነገራቸው ስትለኝ፣ እኔ ነኝ አልኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። «አየህ፣ ስትጽፍ እኮ ጎበዝ ነህ» ብቻ አለችኝና ነጯ መኪና ውስጥ ገባች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ክኒኑን ሸጣልህ ታውቃለች ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ አታውቅም ብያለሁ። ለሌላ ሰው ስትሰጥ አይተሃል ወይ ለተባልኩት፣ አላየሁም፣ የምትሰጠው ሌላ ሰውም የላትም። ወንጀል መሆኑን ታውቅ ነበር ወይ ለተባልኩት፣ ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፣ ባለቤቴም እየዋጠችው ታውቃለች። እህት እህቷ መዋጥ አቅቷት ስትታነቅ ቆማ እንድታይ የሚያዝ ሕግ ካለ ደግሞ ቁጥሩ ይነገረኝ ብያለሁ። መርማሪው ይህ መልስ አይደለም ቢሉኝም እንዲጻፍ ጠይቄ ተጽፏል።

ቤት የቀረ ክኒን አለ ወይ ለተባልኩት፣ የለም። ከፊተኛው የተረፋትን ከቅዳሜ ጀምሮ እየገመሰች ስትውጥ ሰንብታ፣ የመጨረሻዋን ግማሽ ዛሬ ጠዋት በ12 ሰዓት ወሰደች። የሚቀጥለው 4 ሰዓት ላይ ነበር። አሁን 4፡35 ሆኗል። ጎረቤት አጠገቧ ትቼ መጥቻለሁ። ከቤት ስወጣ አገጯን በእጇ ደግፋ ነበር የተቀመጠችው። ሐኪሙ መዋጥ ካቃታት ወደ ሆስፒታል ውሰዷት፣ ቀጥሎ የሚደክመው መተንፈሻዋ ነው ብለውናል። ሆስፒታሉም ክኒኑ የለውም።

ስድስቱ ፓኮ አሁን ያሉት ይህን ቃል በምሰጥበት ክፍል፣ ከመርማሪው ጀርባ ባለው የብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ከወንበሬ ተነሥቼ ሦስት እርምጃ ነው። በፊርማዬ ስድስት ፍሬ ብቻ እንዲሰጠኝ ጠይቄ፣ ኤግዚቢት እንደማይነካና መጀመሪያ ምንነቱ በባለሙያ መረጋገጥ እንዳለበት ተነግሮኛል። የሚያረጋግጠው የእኛ መሥሪያ ቤት ነው። ደብዳቤው የሚመጣው በእኔ መስኮት ነው፣ የመግቢያ ቁጥር የምሰጠውም እኔ ነኝ። ተራው በአርባ አምስት ቀን ይደርሳል።

ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ክፍል ስገባ እትዬን በኮሪደሩ ላይ ሲያሳልፏት ተገናኘን። አራተኛ ቀን እስሯ ነው። ስለ ራሷም፣ ስለ መኪናዋም፣ ስለ ግልባጩም አልጠየቀችኝም። «ዋጠች?» ብቻ አለችኝ። ጠዋት ግማሽ ብዬ መለስኩላት።

ክኒኑን አምጪልን ብዬ የጠየቅሁት እኔ ነኝ፣ ቀንና ሰዓቷን ለመንግሥት ያስረከብኩትም እኔ ነኝ፣ ፋይሉን የመለስኩትም እኔ ነኝ። የምትጠየቅ ከሆነ ከእኔ ቀጥላ ትጠየቅ። ይህ ቃል አራት ገጽ ሆኖ በመርማሪው ተነብቦልኝ፣ ያልኩት ሳይቀነስ ያላልኩት ሳይጨመር መስፈሩን አረጋግጬ፣ እውነት ስለሆነ በየገጹ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ተፈርሟል
የመርማሪው ፊርማ፦ ተፈርሟል
ያበቃበት ሰዓት፦ 5፡10

ተጨማሪ ቃል፦ ከፈረምን በኋላ ገጾቹን ቆጠርኩ። ቁጠሩ ያለኝ የለም፣ ልማድ ነው። መርማሪው ገጽ 3 ላይ ሳይፈርሙ አልፈዋል። በእኛ ክፍል ቢሆን አራቱም ገጽ ይመለስ ነበር። በጣቴ አሳየኋቸውና፣ ይቅርታ ብለው እዚያው ፈረሙበት። የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ ነበር። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም።