«ገባዎት?» ያልኩበት ቀን

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤

የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ አቶ ሳላዲን፣ ይህን ሁሉ ሰው ዓርብ ቀን ስለሰበሰቡልኝ አመሰግናለሁ። እኔ ለስብሰባ ስጠራችሁ ግማሻችሁ እንኳ አትመጡም ነበር። ዛሬ ምሳው ነው የጠራችሁ?

ሃያ ስድስት ዓመት ለነርስ ተማሪዎች ከታካሚ ጋር መነጋገርን አስተምሬያለሁ። እኔ ራሴ ግን መቼ ተማርኩት? እሱን ልንገራችሁና ልቀመጥ።

የዛሬ ሰባት ዓመት ስድስት ተማሪዎች ይዤ ለተግባር ልምምድ ወደ ሆስፒታል ወጣሁ። ታካሚው አቶ ባፈና ይባላሉ፤ ጫሞ ሐይቅ ላይ ዓሣ ያጠምዳሉ። ስኳር አለባቸው፤ እግራቸው ቆስሎ ከመቆረጥ ለጥቂት ተርፏል። በማግስቱ ሊወጡ ስለነበር፣ ተማሪዎቼ እንዲያዩኝ ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ስለ ክኒኑም ስለ ቁስሉም አስረዳኋቸው። ልክ መጽሐፉ እንደሚለው።

«ገባዎት?» አልኩ።

«አዎ ሲስተር።»

ተነሣሁ። እውነቱን ለመናገር ኮርቼ ነበር።

ከደብረ ብርሃን የመጣች ኖላዊት የምትባል ዝምተኛ ተማሪ ግን ካለችበት አልተንቀሳቀሰችም። «አባቴ፣ ነገ ከዚህ ሲወጡ ምንድን ነው የሚያደርጉት?» አለቻቸው።

«ወደ ሐይቁ እወርዳለሁ።»

«ቁስሉን ውሃ እንዳይነካው ተብሏል እኮ።»

«ፌስታል አስርበታለሁ።»

«ክኒኑንስ?»

«እግሬን ሲያመኝ እውጣለሁ። ስኳሩ እንደሆነ አያምም።»

ተማሪዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወለሉን አየሁ። ያቺ ልጅ ባትጠይቅ ሰውዬው እግራቸውን ሊያጡ ነበር፤ አስረድቼ የሸኘኋቸውም እኔ ነኝ።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። አማርኛው ብዙም ስለማይገባቸው ልጃቸው አገኘሽ መጥታ በጋሞኛ እያስተረጎመችልን እንደገና ጀመርን። አሁን ግን ጠያቂዋ እኔ ሆንኩ። ለምን ወደ ሐይቁ ይቸኩላሉ? ጀልባው የአምስት ሰው ነው፤ ከቀሩ ቦታቸውን ሌላ ይይዘዋል። ይህን እኔ በምን ልወቅ?

«ባለቤቴ ኤርጫፎ በእሳቸው ቦታ ይወርድላቸዋል» አለች አገኘሽ። በዚሁ ተስማማን፤ ስለ ክኒኑና ስለ ቁስሉ ያልኳቸውንም መልሰው እንዲነግሩኝ አደረግሁ።

ስንወጣ ኖላዊትን «እንዴት ጠረጠርሽ?» አልኳት።

«እኔ ጋሞኛ አልችልም ሲስተር። ገበያ ስሄድ ያልገባኝን ሁሉ አዎ እላለሁ። ፊታቸው የኔን ፊት መሰለኝ።»

ከሁለት ወር በኋላ አቶ ባፈና በሁለት እግራቸው መጡ። ቁስሉ ደርቋል። ዓሣ ይዘውልኝ ነበር። አሠራሩን በዝርዝር አስረዱኝና «እስቲ ያልኩሽን መልሰሽ ንገሪኝ» አሉኝ። ግማሹን ረስቼዋለሁ። እንዴት እንደሳቁብኝ አትጠይቁኝ።

እነሆ ጡረታ ወጣሁ። ሰኞ ዓይኔን ልታከም እሄዳለሁ፤ ጋዎን ሳልለብስ፣ ካርዴን ይዤ፣ ከሰዉ ጋር አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ። ምን ዓይነት ታካሚ እንደሚወጣኝ ለማየት ጓጉቻለሁ።

የምታስተምሯቸው ልጆች ከእናንተ ይብለጡ። ቤታችሁ ጤና አይጣ። የመታመም ቀን ከመጣባችሁም፣ ወንበር ስቦ አጠገባችሁ የሚቀመጥ ሰው ይስጣችሁ።