አቶ ደግፌ እና የኤልደርሜር መርዶ ነጋሪ

አቶ ደግፌ ወልደየስ ከአባታቸው ከአቶ ወልደየስ ብሩና ከእናታቸው ከወይዘሮ ላቀች ደምሴ በ1945 ዓ.ም. በአሰላ ከተማ ተወለዱ። ከታናሽ ወንድማቸው ከአቶ ፊሊጶስ ጋር እየተጣሉም እየታረቁም እዚያው ተምረው፣ ከዩኒቨርሲቲ በታሪክ ትምህርት ተመርቀው፣ ለረጅም ዘመን በመምህርነት አገለገሉ፤ ከወይዘሮ የምሥራች ጋር ትዳር መሥርተውም ሀሌታንና ማቲያስን ወለዱ።

ዲቪ ደርሷቸው ላስ ቬጋስ ከገቡ በኋላ ኢንተርፕራይዝ በሚባለው ሰፈር ቤት ገዝተው፣ ጡረታ እስኪወጡ በካዚኖ የቁማር ካርታ አዳይ ሆነው ሠሩ። እንግሊዝ አገር የሚኖሩት አቶ ፊሊጶስ በሰፈራቸው አጠገብ ያለውን ኤልደርሜር የተባለ የመካከለኛው ዘመን ገዳም ፍርስራሽ ፎቶግራፍ ቢልኩላቸው፣ ታሪኩን በአማርኛ ሊጽፉ ቆርጠው ተነሡ። ለሐበሻ የእንግሊዝ ፍርስራሽ ምኑ ነው እያልን የቀለድንባቸው ብዙዎች ነን፤ እሳቸው ግን እየሳቁ ይጽፉ ነበር። አቶ ፊሊጶስም በየእሑዱ ፍርስራሹ ድረስ ሄደው ያዩትን በስልክ ይነግሯቸው ነበር።

አብልጠው የሚወዱት ስለ መርዶ ነጋሪው የሚያወሳውን ምዕራፍ ነበር። በዚያ ገዳም አንድ መነኩሴ ሲያርፍ፣ መልእክተኛ የሟቹ ስም የተጻፈበትን ብራና ይዞ፣ በዝናብም በጭቃም ከገዳም ገዳም በእግሩ እየዞረ ያረዳ ነበር፤ የሰማውም ሁሉ ደወል ደውሎ ይጸልይ ነበር። ሞት ከወንድም አይደበቅም እያሉ አቶ ደግፌ ይህን በየለቅሶ ቤቱ ያነሡት ነበር።

አምና አቶ ደግፌ ልባቸው ታሞ ሆስፒታል በተኙበት ሰሞን አቶ ፊሊጶስ በድንገት ዐረፉ። ቤተ ዘመድም መክሮ፣ የደከመ ልብ መርዶ አይችልም፣ እስኪሻላቸው ይቆይ አለ። በየእሑዱ ስለ ወንድማቸው ሲጠይቁ ሀሌታ አንድ ጊዜ ስልካቸው ተበላሽቶ ነው፣ ሌላ ጊዜ ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ሄደው ነው እያለች መለሰች። ስለ ገዳሙ መዘጋት የሚተርከው የመጨረሻው ምዕራፍም አቶ ፊሊጶስ የሚልኩትን ፎቶግራፍ እየጠበቀ ቆመ።

ከፋሲካ በኋላ መጠየቃቸውን ተዉ። ሀሌታን ጠርተው፣ ምዕራፉ ያለ ፎቶግራፍ ይለቅ ብለው፣ እሳቸው እየተናገሩ እሷ ጻፈች። የእንግሊዝ ንጉሥ ገዳሙን በዘጋ ጊዜ የገዳሙን መርዶ የሚያደርስ ሰው አልተገኘም በሚል አበቁት። እሷም አላለቀሰች፣ እሳቸውም አላለቀሱ፤ ምሳ ቀርቦ ተበላ።

አቶ ደግፌ ባለፈው ማክሰኞ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። ወንድማቸው በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ ከዚህ ቀጥሎ ስማቸው ይነበብ ነበር፤ በልጃቸው በሀሌታ ጥያቄ ግን በሬሳቸው ፊት የሚነበበው ይህ ነው፦ አቶ ደግፌ፣ ወንድምዎ አቶ ፊሊጶስ ዐርፈዋል።

ቸሩ አምላክ የሁለቱንም ነፍስ በአንድነት ያሳርፍልን። አሜን።